እንግዶቹ እስኪሄዱ

አገኘሁ ሐሙስ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ በአልጋውና በበሩ መካከል አንድ ሰው ኩርምት ብሎ የተቀመጠ መሰለው። የሐምሌ ሰማይ እንደ ከበደ ነበርና ብርሃኑ ገና መጋረጃውን አላለፈም። እግሩን ዘርግቶ ነካ አደረገው፤ ጠንካራ ነው። ሰው አይደለም። በነጭ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ፣ በሦስት ቦታ በፕላስቲክ ገመድ ጥፍንግ ተደርጎ የታሰረ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ጥቅል ነው። ሚስቱ ፋናዬ አንሶላ ጣል አድርጋበታለች። ማታ ከጸሎት ስብሰባ ሲመለስ በሳውዝ ሲ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ስለነበር በዳበሳ ገብቶ ተኛ እንጂ፣ ክፍሏስ ይህን የሚያህል ነገር የምትሰውር አልነበረችም። ከአንድ የሱማሌ ነጋዴ ቤት ጓሮ ለሠራተኛ ተብላ የተሠራች፣ ናይሮቢዎች “ኤስኪው” የሚሏት ዓይነት አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት አልጋ፣ በመካከላቸው መጋረጃ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ቤተ ክርስቲያን ያደለችው የቀን መቁጠሪያ። አሁን ከጥቅሉ የሚወጣው የመድኃኒትና የመጋዘን ሽታ ሞልቷታል።

ምንነቱን ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም። ቦንዳ ነው። የፈረንጅ አገር ሰው ለብሶ የጣለው ልብስ በማሽን ተጠቅጥቆ፣ በመርከብ ሞምባሳ ደርሶ፣ በናይሮቢ መንገድ ሁሉ ላይ የሚዘረገፈው፣ እነሱ ሚቱምባ የሚሉት። ፋናዬ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ከሰል ምድጃው ላይ ሻይ ጥዳለች። መንቃቱን አውቃለች፤ ግን ዞር አላለችም።

“ምንድን ነው ይሄ?” አላት።

“ኮት ነው” አለች ፊቷን ወደ ከሰሉ እንዳደረገች። “ግማሹ የሀጀራ ነው።”

ሀጀራን ያውቃታል። ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሳሉ ድንኳናቸው ጎን ለጎን ነበር፤ አሁን እዚሁ ናይሮቢ ኢስትሌ ሰፈር ሱቅ ያላት፣ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ የምትነግድ ቆፍጣና ሴት ናት። ከፋናዬ ጋር መገናኘታቸውን እንጂ የንግድ ነገር ማንሳታቸውን አልሰማም ነበር። ፋናዬ ሁርሊንግሃም ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ባለቤትየዋ ሰው ስትቀንስ ከተቀነሱት አንዷ ሆናለች፤ ያም ከሆነ ወር አልፎታል። እንዴት እንደሚኖሩ እሱ አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም። በመካከላቸው እንዲህ ያለ ዝምታ ከገባ ሰነባብቷል። ጠብ አይደለም፤ ሁለት ሰው አንድ ከባድ ዕቃ ተሸክመው ሲሄዱ እንደሚያደርጉት፣ ትንፋሽ መቆጠብ ነው።

አገኘሁ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ነው። አቃቂ ሃያ ዓመት፣ እዚህ ናይሮቢ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ደግሞ አራት ዓመት ከሽመና ማሽን ሥር ተኝቶ ሲጠግን ኖሯል። ፋብሪካው የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ይሠራል፤ ሰማያዊ፣ ካኪ፣ ግራጫ። ሚቱምባ እዚህ ቤት አይገባም ብሎ በአፉ አውጆ አያውቅም፤ ግን ገብቶ አያውቅም። የፋናዬ ቀሚስ፣ የሚልካ ሸሚዝ፣ የትራሱ ልብስ ሳይቀር ከፋብሪካው በተረፈ ቁራጭ የተሰፋ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ወይ ካኪ ስለሆነ፣ የጸሎት ወዳጆቻቸው “እናንተ ቤት ስንገባ የትምህርት ቤት ደወል ይደወልብናል ብለን እንፈራለን” እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

ሚልካ ከመጋረጃው ወዲያ ወጣች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ትማራለች። አባቷን አየች፣ ጥቅሉን አየች፣ የሚመጣውን ዝምታ ቀድማ ልትሰብረው ፈለገች።

“ዳዲ፣ ኤቭሪባዲ እኮ ሚቱምባ ነው የሚለብሰው” አለች። “ሃታ ቲቸሮቹ እንኳ።”

አገኘሁ ሻዩን ቆሞ ጠጣ፤ ዳቦውን አልነካውም። ዳቦ በሳምንት ውስጥ ሁለት ሽልንግ መጨመሩን ስለሚያውቅ ይሁን ወይም ስላልራበው፣ ፋናዬ ለማወቅ አልሞከረችም። ሲወጣ ጥቅሉን በጎኑ ታክኮ ማለፍ ነበረበት።

ከሳውዝ ሲ እስከ ፋብሪካው በእግሩ አርባ ደቂቃ ነው። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ አሥር ሽልንግ ነው፤ ዝናብ ካልበረታ አይሳፈርም። የሞምባሳን መንገድ ለመሻገር ከወደቡ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡት ካሚዮኖች እስኪያልፉ መቆም አለበት። ድሮ እንዲህ ብዙ አልነበሩም። መንግሥት ገበያውን ከፈትኩ፣ የፈለገ የፈለገውን ያስመጣ ካለ ወዲህ ግን አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይከተላል። እሱ ሲቀጠር ፋብሪካው ሦስት መቶ አርባ ሠራተኛ ነበረው፤ አርባ ስምንቱም ማሽን በሦስት ፈረቃ ይሠራል፤ ጩኸቱ ከበር ውጭ ይሰማል። መጀመሪያ የሌሊቱ ፈረቃ ቀረ። ከዚያ የከሰዓቱ። ጥጥ አምራቾቹ ገበሬዎች ጥጡን ነቅለው በቆሎ ተከሉ፤ ክር ከውጭ ይምጣ ተባለ፤ ክሩ ሲመጣ በጥጥ ልብስ ዋጋ ሆኖ መጣ። እነሱ የሠሩት ጨርቅ በሜትር ዘጠና ሽልንግ ሲያወጣ፣ ጊኮምባ የሚቱምባ ገበያ ላይ የተሰፋ ሸሚዝ በአርባ ይገኛል። ወላጆች ለልጆቻቸው ከክምሩ ውስጥ ነጭ የሚመስለውን መርጠው መግዛት ጀመሩ፤ ትምህርት ቤቶቹም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። በዚህ ዓመት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በዘጠና ስድስት፣ ሐምሌ ላይ የቀሩት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እሱ።

ያን ቀን ግን በሩ ላይ ሰው ነበር። ከተባረሩት ሸማኔዎች አሥራ ሁለቱ፣ ለአንድ ቀን ተጠርተው፣ ሰማያዊ ጋዋናቸውን አጥበውና ተኩሰው መጥተዋል። የፋብሪካው ባለቤት ቫልጂ ሰኞ ዕለት ለአገኘሁ ነግሮት ነበር። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የኢንዱስትሪ ጉዳይ የሚመለከታቸው ሰዎች ይመጣሉ፤ ፋብሪካው በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ያያሉ፤ ካመኑበት ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚቀርበውን ጨርቅ ለሁለት ዓመት ከዚህ ይገዛሉ። ስለዚህ አሥራ ሁለት ማሽን መሽከርከር አለበት። ከአርባ ስምንቱ ያኔ የሚንቀሳቀሱት አራት ነበሩ። አገኘሁ ሦስት ቀን ሙሉ ከአንዱ ፈቶ ለሌላው ሲገጥም፣ ከሞተው ብሎን አውጥቶ በሕይወት ያለውን ሲያስር ነበር። ሐሙስ ጠዋት አሥራ አንዱ ተነሥተዋል። ሰባተኛው ቀርቷል።

ሰባተኛው ላይ የጎደለው መወርወሪያውን የሚመታው እንጨት ጫፍ ላይ የሚገባው ቆዳ ነው። የእጅ መዳፍ የማታህል ነገር ናት፤ ግን መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በደቂቃ መቶ ስድሳ ጊዜ ሲበር የሚቀበለውና መልሶ የሚሰደው እሷ ናት። የምትሠራት የእንግሊዝ ኩባንያ ከተዘጋ ቆይቷል። አገኘሁ ቺንጋ ከሚሉት አሮጌ የማሽን ቀበቶ ቆርጦ፣ ደርቦ ሰፍቶ፣ በዘይት ነክሮ አንዷን አበጀ። ማሽኑ ላይ የምትሠራው ማማ ሲዮምቡዋ ናት፤ ማቻኮስ የተወለደች፣ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ማሽን ላይ የቆመች፣ ጆሮዋ በጩኸቱ ብዛት የደከመ ሴት። እጇን ይዞ ማሽኑ ላይ አሳረፈው። ድምፁ ከጎረነነ፣ ይሄ ብረት ከሥሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ቶሎ አቁሚው አላት። ቆዳዋ ከተቀደደች መወርወሪያው መንገዱን ስቶ እንደሚወጣ፣ ጫፉም ብረት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አቃቂ ሳለ እንዲህ የወጣ መወርወሪያ የአንድ ጓደኛውን ዓይን አጥፍቷል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቫልጂ ክራባት አስሮ መጣ። አሥራ ሁለቱንም ማሽን ዞሮ አየ። ሸማኔዎቹን ሰብስቦ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ አንድም ማሽን እንዳይቆም አጥብቆ አሳሰበ፤ ክር ቢበጠስ እንኳ ይሂድ፣ የተበላሸው ጨርቅ በኋላ ይቆረጣል። ከዚያ አገኘሁን ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። ስሙን መጥራት ስለማይሆንለት “አጌኖ” ነው የሚለው።

“አጌኖ፣ አንተ መጋዘን ውስጥ ቆይልኝ” አለው። “እስኪሄዱ ድረስ ብቻ።”

አገኘሁ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ኪሱ ውስጥ ያለችው ስደተኛ መሆኑን የምትናገር የዩኤን ወረቀት ናት፤ የሥራ ፈቃድ የለውም። ቫልጂ ሲቀጥረውም ይህን ያውቅ ነበር፤ የኬንያ መካኒክ ከሚከፈለው ግማሹን ሲከፍለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድም ቀን ግን ወረቀቱን አንሥቶ አስፈራርቶት አያውቅም። አሁንም ፊቱ ላይ ያለው ኀፍረት ነበር። የመንግሥት ሰዎች መጥተው፣ የአገር ልጅ ሥራ አጥቶ እያለ የውጭ ሰው ታሠራለህ ቢሉት፣ የመጡበት ጉዳይ በዚያው ይበላሻል። አገኘሁ እጁን በጨርቅ ጠረገና ገባ። ቫልጂ በሩን ከውጭ ገርበብ አደረገበት።

መጋዘኑ ውስጥ ባዶ የክር በከራ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አንድ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ሲነሡ ሰማ፤ መጀመሪያ ሦስተኛው፣ ቀጥሎ አራተኛው፤ ከዚያ ሁሉም ተደባለቁ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማ ስምንት ወር ሆኖታል። ለሌላ ሰው አንድ ጩኸት ነው፤ ለእሱ ግን አንዱ ያነክሳል፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ አሥረኛው እንደ ድሮው ይጣደፋል። ሳያስበው ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ለትንሽ ጊዜ ድካሙ ሁሉ ለቀቀው። ቦንዳውንም፣ ፋናዬ ዞር አለማለቷንም ረሳ። እነዚህን ማሽኖች የቫልጂ አባት ነበሩ ከአርባ ዓመት በፊት ያስመጧቸው፤ የሠሯቸው እንግሊዞች፣ የገዟቸው ሕንዶች፣ የሚያሠሯቸው የካምባና የሉኦ ሰዎች፣ የሚጠግናቸው ደግሞ እሱ። ከዚህ ሁሉ የወጣው ጨርቅ የኬንያ ልጆች ጉልበት ላይ አልቋል። ይህ ነገር መቅረት ያለበት አይመስለውም ነበር።

እንግዶቹ መግባታቸውን ያወቀው ቫልጂ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ሲያብራራ ነው። በበሩ ክፍተት ሦስት ሰዎች ይታያሉ፤ አንድ ወፍራም ጥቁር ሱፍ የለበሰ ኬንያዊ፣ አንዲት ማስታወሻ የምትይዝ ወጣት ሴት፣ አንድ እጁን ጆሮው ላይ ያደረገ ፈረንጅ። ቀስ እያሉ በማሽኖቹ መካከል ይሄዳሉ። አምስተኛው ጋ ሲደርሱ አገኘሁ ጆሮውን አቀና። ከድምፆቹ መካከል አንዱ ጎርንኗል።

እንዳልሰማ ሊሆን ሞከረ። ማማ ሲዮምቡዋ ታቆመዋለች ብሎ ጠበቀ። ድምፁ ግን ባሰበት፤ ጧ ጧ የሚለው፣ ጧ አለና ትንሽ ዘግይቶ ቷ ማለት ጀመረ። በክፍተቱ አያት። እጇን ማሽኑ ላይ አድርጋለች፤ መንቀጥቀጡ ተሰምቷታል፤ ግን ዓይኗ ቫልጂ ላይ ነው። አንድም ማሽን እንዳይቆም ተብላለች፤ የሁለት ዓመት ሥራ ደግሞ አንድ ማሽን በመቆሙና ባለመቆሙ ላይ የተንጠለጠለ መስሏታል። አገኘሁ ወረቀቱን አሰበ፣ ፋናዬንና ሚልካን አሰበ፤ አስቦ ግን አልጨረሰም። በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ። በእንግዶቹ መካከል ሰንጥቆ ሮጠ፤ ማስታወሻ የያዘችውን ልጅ በክርኑ ገፍቷታል፤ ደርሶ እጀታውን ጎተተው። ሰባተኛው ማሽን እንደ መንገዳገድ ብሎ ቆመ።

ምንም አልሆነም። ችግሩም ይኸው ነበር። መወርወሪያው ከሳጥኑ አፍ ላይ ግማሽ ወጥቶ ቀርቷል። እንግዶቹ ያዩት ደህና ሲሠራ የነበረ ማሽን አንድ ዘይት የለበሰ ሽማግሌ ከየት መጣ ሳይባል ዘሎ ሲያቆመው ብቻ ነው። ቫልጂ ከንፈሩ ነጣ። ሌሎቹ ሸማኔዎችም አንድ በአንድ ማሽናቸውን አቆሙ፤ አዳራሹ በድንገት ጸጥ አለ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የሚያካፋው ዝናብ ተሰማ።

ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ለምን እንዳቆመው በስዋሂሊ ጠየቀው። አገኘሁ ጎንበስ ብሎ ቆዳዋን አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየው፤ ለሁለት ልትከፈል በአንድ ክር ተንጠልጥላለች። ከዚያ ጣቱን መጀመሪያ ወደ መወርወሪያው ብረት፣ ቀጥሎ ወደ ማማ ሲዮምቡዋ ፊት አመለከተ። ሰውዬው ገባው። ለምን አዲስ እንደማይገዙ ጠየቀ፤ አገኘሁ የሚሠራት እንደሌለ ነገረው። ሰውዬው ስዋሂሊውን ሲሰማ አተኩሮ አየው።

“ምዜ፣ ከየት ነዎት?” አለው፤ ሽማግሌን አክብሮ መጥራቱ ነው።

“ከኢትዮጵያ።”

ቫልጂ አንድ ነገር ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰውዬው ግን በእጁ አስቆመው። ማስታወሻ የያዘችው ልጅ ብዕሯን አንሥታ ጠበቀች፤ ምንም እንድትጽፍ አላዘዛትም። ሰውዬው ማሽኑ ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣቱ መካከል አሻሸው፤ እንደ ገዥ ሳይሆን፣ እንደዚህ ያለ ዩኒፎርም ለብሶ እንዳደገ ሰው። ፊቱ ላይ ያለው ድካም ከአገኘሁ ድካም አይተናነስም ነበር።

“ጥሩ ጨርቅ ነው” አለ። “በዚህ ወር ያየሁት አምስተኛው ፋብሪካ ነው። ሁሉም ጥሩ ይሠራሉ።”

ከዚህ በላይ አልተናገረም። የሰውን ሁሉ እጅ ጨበጠ፤ የአገኘሁንም ዘይት የነካው እጅ ሳይጸየፍ ጨበጠ። ፈረንጁ ሰዓቱን አየ። መኪናቸው ድረስ ቫልጂ ጃንጥላ ይዞ ሸኛቸው።

ሲመለስ አገኘሁ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ቆሞ ጠበቀው። ቫልጂ ግን ክራባቱን ፈታና አንድ የክር ሳጥን ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰውዬው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ የነገረውን ነገረው። ዘገባው የተጻፈው ባለፈው ሳምንት ነው። ለትምህርት ቤቶቹ ጨርቅ የሚያቀርቡት ከውጭ የሚያስመጡ ሰዎች ናቸው፤ ተወስኗል፤ ፋብሪካዎቹ ሳይታዩ ተወሰነ እንዳይባል ግን መታየት ነበረባቸው። ሰውዬው ደግ ስለሆነ ነው የነገረው፤ ቫልጂ እንደገና ክር ለመግዛት እንዳይበደር ብሎ። አገኘሁ ማሽኑን ባያቆመውም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ቫልጂ ጥቂት ቆይቶ፣ ከነገ ጀምሮ ማሽኖቹን እንዲፈታቸው ጠየቀው። ብረቱ በኪሎ ይሸጣል፤ አዳራሹ ይከራያል።

“የሚከራየው ማን ነው?” አለ አገኘሁ።

ቫልጂ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። “ቦንዳ የሚያስመጡ ሰዎች ናቸው። ደረቅ ቤት ነው፤ ለልብስ ይስማማል አሉ።”

ሸማኔዎቹ ጋዋናቸውን እያወለቁ ነበር። ለምሳና ለማታቱ የተባለችውን ተቀብለው በዝናቡ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። ማማ ሲዮምቡዋ ወደ ኋላ ቀረች። የአገኘሁን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ማቻኮስ እንደምትሄድ፣ አንድ ኤከር የማትሞላ መሬት እንዳለቻት፣ ዝናብ ካልከዳ በቆሎና ባቄላ እንደምትዘራ ነገረችው። ከዚያ እሱስ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ወደ ቤቴ ሊላት አሰበ፤ በስዋሂሊ ቃሉ ግን የተወለዱበትን አገርም የሚያድሩበትን ቤትም ስለሚል ተወው። ሳቅ ብሎ እጇን ለቀቀ።

ሰዓቱ ገና ስምንት ተኩል ነው። ወደ ሳውዝ ሲ ለመመለስ እግሩ አልታዘዘለትም፤ በዚህ ሰዓት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚደረግም አያውቅም። ፋናዬ ከሀጀራ ጋር ወደ ጊኮምባ ሳትሄድ እንዳልቀረች ገምቶ ነበር። ሳይወስን በሉሳካ መንገድ ወጣ፤ የጆጎን መንገድ አደባባይ ተሻገረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የገበያው ጭቃ ጫማውን ይጎትተው ጀመር። ናይሮቢ ሲኖር ከአራት ዓመት በላይ ሆኖት፣ ጊኮምባን በዳር አልፎት እንጂ ገብቶበት አያውቅም። መግቢያው ላይ ዓሣ ይጠበሳል፤ ቀጥሎ አናጺዎች አልጋ ይመታሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ወንዙ ድረስ ልብስ ነው። ልብስ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ፣ በሸራ ላይ ተዘርግፎ፣ በሰው ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ። ሻጮቹ “ሃምሲኒ! ሃምሲኒ!”፣ ሃምሳ ሽልንግ፣ እያሉ ይጮኻሉ። አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ማሽን ቢያድስ፣ አሥራ ሁለቱ ይቅርና አርባ ስምንቱም ሌት ተቀን ቢሠሩ፣ ይህን የሚያህል ጨርቅ በዓመት አያወጡም። ይህን ያወቀው ዛሬ አይደለም፤ በዓይኑ ያየው ግን ዛሬ ነው። ቫልጂንም፣ ያንን ሱፍ ለባሽ ሰውዬም ለመቆጣት ሞክሮ አቅም አጣ።

ፋናዬን በስተመጨረሻ ያገኛት በሁለት የሚጮኹ ጎረምሳ ሻጮች መካከል ነው። ሀጀራ ለምሳ ወጥታለች። ፋናዬ ሸራዋ ጀርባ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እጆቿን አጣምራ፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ፣ ቤተ ክርስቲያን የቆመች ትመስላለች። አትጮኽም። መጮኽ አትችልበትም። ገዢው ወዲያና ወዲህ ወዳሉት ጎረምሶች ይሄዳል። የኮቶቹ ክምር ጠዋት ከተፈታ ጀምሮ ብዙም የጎደለ አይመስልም። አገኘሁ ከአንድ የጫማ ሻጭ ድንኳን ጥግ ቆሞ አያት። የሚጠጋበትን ምክንያት ቢያጣ፣ ሳታየው ተመልሶ ይሄድ ነበር።

አንዲት ነጭ ጫማ ያደረገች፣ የሆስፒታል ሠራተኛ የምትመስል ሴት መጥታ ቡናማ ኮት አነሣች። ያማረ ኮት ነው፤ አንገቱ ላይ ፀጉር አለው። ዋጋውን ጠየቀች፤ ፋናዬ መቶ ሃምሳ አለች። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተች። አገኘሁ በዚያን ጊዜ እግሩ እንዴት እንደቀደመው አያውቅም፤ ሸራው ጫፍ ላይ ደርሶ የኮቱን እጅጌ በሁለት ጣቱ ይዞት ነበር። ወደ ብርሃኑ አድርጎ አየው፤ ጫፉን ነጨ።

“ማማ፣ ይሄን አይውሰዱ” አላት በስዋሂሊ። “ከላይ ነው የሚያምረው። ማጉ አልቋል፤ ሁለቴ ቢያጥቡት ይላላል።”

ፋናዬ ቀና ብላ አየችው። መደንገጧን ለመደበቅ ጊዜ አላገኘችም። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛዋ ልትሆን የነበረችውን ገዢ ባሏ ሲመልስባት ታያለች፤ ያውም ጠዋት በዝምታ ጥሏት የወጣው ባሏ። አገኘሁም ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ኮቱን አጣጥፎ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። ሴትዮዋ ግን አልሄደችም።

“ታዲያ የትኛውን ልውሰድ?” አለችው።

አገኘሁ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። እጁን ክምሩ ውስጥ ከተተ። ማየት አላስፈለገውም፤ ጣቱ እያለፈ ይሄዳል፤ ይሄ ናይሎን ነው፣ ይሄ ግማሹ ጥጥ፣ ይሄ የተጣጣፈ፣ ይሄ ለወለል መወልወያ። ከሥር አንድ ግራጫ ነገር ነካና ቆመ። ሳበው። አሮጌ፣ አዝራሩ የተለያየ፣ ከአንድ ክረምት በላይ የተለበሰ ኮት ነው። ገለጥ አድርጎ ውስጡን አየው። ድሩና ማጉ እኩል የተመታ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ ነው። በየትኛው አገር፣ በየትኛው ማሽን እንደተሠራ አያውቅም፤ ያ ፋብሪካም ምናልባት ተዘግቶ ይሆናል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ቆሞበት ነበር። በዚህ ደግሞ ማንም ሊያታልለው አይችልም።

“ይሄ ልጅዎም ይለብሰዋል” አላት።

ሴትዮዋ ለበሰችው። ትከሻዋ ላይ ልክ ሆነ። ከፈለችና ያንኑ ኮት ለብሳ በዝናቡ ሄደች። ብዙ ሳይቆይ አንድ ጓደኛዋን ይዛ ተመለሰች፤ ለእሷም አገኘሁ መረጠላት። ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ተንበርክኮ ክምሩን በሦስት ይከፍለው ጀመር፤ የሚዘልቀውን በአንድ በኩል፣ ለአንድ ክረምት የሚሆነውን በሌላ በኩል፣ የማይረባውን ከኋላው። ፋናዬ ሳትጠይቀው ከመጀመሪያው ክምር እያነሣች ገመዱ ላይ ትሰቅላለች። ጎረምሶቹ ጩኸታቸውን ገታ አድርገው አዩአቸው። አንዱ “ፉንዲ ነህ እንዴ?” ብሎ ባለሙያ መሆኑን ጠየቀው፤ አገኘሁ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ለተወሰነ ጊዜ እንዲህ ሠሩ። ዝናቡ ሲያባራ ፋናዬ አንድ የሕፃን ኮት እያራገፈች፣ ወደ እሱ ሳትዞር ተናገረች።

“ዛሬ በጊዜ ወጣህ።”

“እንግዶች መጥተው ነበር” አላት። “ሄዱ።”

“ነገስ?”

“ነገ ማሽኖቹን እፈታለሁ።”

እጇ ኮቱ ላይ ቆመ። የተናገረውን ነገር ሙሉውን የሰማችው ቀስ በቀስ ነው። የአቃቂዎቹን ማሽኖች፣ ዋልዳ ድንኳን ውስጥ ሆኖ በሕልሙ ሲጠግናቸው የነበሩትን፣ እዚህ ሲቀጠር እንደ ልጅ ተደስቶ የነገራትን ቀን ሁሉ ታውቃለች። ምንም ዓይነት የሐዘን ቃል አልፈለገችለትም።

“ስንት ቀን ይፈጃል?” አለችው።

“ከአሥራ አምስት ቀን አያልፍም።”

“ከዚያስ?”

አገኘሁ የያዘውን ኮት ገልብጦ ስፌቱን አየ። ጣቱን በመስመሩ ላይ እስከ ጫፉ ድረስ አሄደው።

“ከዚያማ እዚሁ ነኝ” አላት።

ፋናዬ ቀና ብላ አላየችውም። ጎንበስ አለችና ሸራው ላይ ካለው ልብስ ጥቂቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ተንበርክኮ እንዳይቀር፣ የሚቀመጥበት ቦታ ለቀቀችለት።